የትሪው መሃል

እናቴ ድንች መላጥ ስትጀምር እኔ የቤቱን ሰው መቁጠር እጀምር ነበር። አባቴ፣ እናቴ፣ እህቴ፣ እኔ፤ አራት። ቆጥሬ ስጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው እነሳለሁ። ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። ያንን ምግብ በሠራን ቀን ከመካከላችን አንድ ሰው ሊጎድል እንደሚችል በዚያ ቤት ውስጥ የደረስኩበት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ለማንም አልተናገርኩም።

ምግቡ የራሱ ስም የለውም። እኛ ቤት «ትሪው» ነበር የሚባለው። ድንቹ በስሱ ይቆራረጣል፣ ሽንኩርት በቅቤ ይጠበሳል፣ ወተትና እንቁላል ተመትቶ ይፈስበታል፣ ከላይ ቺዝ ይፈቀፈቅበታል፣ ከዚያ መጋገሪያው ፈርኖ ውስጥ ገብቶ ከአንድ ሰዓት በላይ ይቆያል። ትሪውን የሠራው አባቴ ነው። አባቴ ጋራዥ ውስጥ የተጨረማመተ የመኪና በር እየቀጠቀጠ ወደ ቀድሞ መልኩ የሚመልስ የላሜራ ሠራተኛ ነበር። ከተረፈ ንጹሕ ላሜራ ቆርጦ፣ ጠርዙን አጥፎ ለእናቴ ይዞላት መጣ። ልኩን በክንዱ ስለወሰደ ትሪው ከፈርኗችን በአንድ ጣት በለጠ። ስለዚህ ሲገባ ጎኑን አዘንብሎ መግፋት ነው፤ ከገባም በኋላ የፈርኖው በር ስለማይገጥም ወንበር ይደገፍበታል። እናቴ ምንም ያህል ብትነግረው «ትሪው ልክ ነው፤ ፈርኖው ነው የጠበበው» እያለ ድርቅ ይል ነበር።

የትሪው ጣዕም ያለው ጥጉ ላይ ነው። ጥጉ በሁለት በኩል ቡናማ ሆኖ ይደርቃል፣ ሲነከስ ይንኮሻኮሻል። ጠብ እንዳይነሳ እናቴ አራቱን ጥጎች አደለቻቸው፤ ያኔ የአባቴ አባት አብረውን ስለሚኖሩ አምስት ነበርን። የአባቴ ጥግ ሽንኩርት የለውም፣ ሽንኩርት ሆዱን ይነፋዋል። የእህቴ ጥግ ላይ ቺዙ ይከመራል። እህቴ በአምስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ በሰፈሩ ልጆች ጠብ ውስጥ ሁሉ ገብታ ስለምትፈርድ ዳኛዋ ነበር የምንላት፤ ለራሷ ስትፈርድ ደግሞ እጇ አያጥርም። የአያቴ ጥግ፣ ጥርስ ስለሌላቸው፣ አንድ ጭልፋ ወተት ይጨመርበታል። የእኔ ጥግ አባቴ ሲያጥፋት የተንሻፈፈችው ሹሏ ናት። ለእናቴ ጥግ አልተረፋትም። «እኔ መሃሉን ነው የምወደው» ትል ነበር።

ካደግን በኋላ ይህ ነገር እኔንና እህቴን አንጀታችንን በላው። ጥጉን ለእኛ ብላ ተወችልን ብለን አለቀስን፤ ከዚያ ወዲያ ዓመቱን ሙሉ ጥግ ጥጉን እየቆረስን ስናቀርብላት ከረምን። ሳትናገር በላች። በመጨረሻ አንድ ቀን ሹካዋን አስቀምጣ «ጥርሴን ልትጨርሱት ነው እንዴ? መሃሉን ነው የምወደው አልኳችሁ እኮ» አለችን። በልጅነቴ ብዙ ነገር ተሳስቻለሁ፤ መሃሉን ትወዳለች ብዬ በማመኔ ግን ልክ ነበርኩ።

መጀመሪያ የሄዱት አያቴ ናቸው። አምስት ዓመቴ ነበር። ታመው ሆስፒታል ገብተዋል፤ ለእኔ «ትንሽ ታክመው ይመጣሉ» ተብሏል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ድንች ላጠች፣ ማታ ትሪው ቀረበ። አባቴ ጥጉን በላ፣ ዳኛዋ በላች፣ እኔም በላሁ። ወተት የጠጣችው የአያቴ ጥግ እንዳለች ቀረች። እናቴ ለትንሽ ጊዜ ፈዛ አየቻት፣ ከዚያ ሰሀን ደፋችባትና ተነሳች። በማግስቱ ጠዋት አባቴ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ አያቴ ከእንግዲህ እንደማይመጡ ነገረኝ። እኔ ያሰብኩት ስለዚያች ጥግ ነው።

አሁን ቅደም ተከተሉን አውቀዋለሁ። መርዶው የመጣው በዚያው ቀን በምሳ ሰዓት ነበር። አባቴ ሦስት ቀን ሙሉ ሆስፒታል ወንበር ላይ ተቀምጦ እህል በአፉ አልዞረም፤ እናቴ ድንቹን የላጠችው እሱን ለማብላት ነው። ሰው ሲከፋው ትኩስና ለስላሳ ነገር ከማብላት ሌላ ማጽናኛ አታውቅም። የአያቴን ጥግ በወተት ያራሰችው እጇ ስለለመደ ነው፤ የሆነውን ያስታወሰችው ካራሰቻት በኋላ ነው። ሰሀን የደፋችባት ለዚህ ነበር።

ሁለተኛው አባቴ ነው፤ ያኔ ሰባት ሞልቶኛል። ትሪው ቀረበ፣ አባቴ ጥጉን አየና «አልራበኝም» ብሎ ወጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። እኔ የሚሆነውን ስለማውቅ ምግቡ አፌ ውስጥ ቀረ። ዳኛዋ በሹካዋ ቁራሽ ወግታ ተከተለችው፤ ካልበላህ እኔም አልበላም ብላ አጎረሰችው። አንድ ጉንጭ በላ፣ ከዚያ በላይ እምቢ አለ። በማግስቱ ከበሩ ጀርባ ካለው ምስማር ላይ ሰማያዊ ቱታው ጠፋ። አባቴ ራሱ አልጠፋም፤ ግን መስኮት ሥር ተቀምጦ የሚውል፣ ፂሙን የማይላጭ፣ ሁለት ጊዜ ካልጠሩት የማይሰማ ሰው ሆነ። ትንሽ ስለቀመሰ ሙሉ ለሙሉ አልተወሰደም አልኩ።

እውነቱ ግን ጋራዡ ተዘግቶ ነበር፤ ለሠራተኞቹ የተነገራቸውም ትሪው ከመቅረቡ በፊት ነው። ከመንፈቅ በኋላ ሌላ ጋራዥ ገብቶ ፂሙን ተላጨ፣ መቀለድም ጀመረ። እኔ ግን እስከዚያ ሕጌን አውጥቼ ጨርሻለሁ። ልጅ ሕግ ለማውጣት ሁለት ጊዜ ይበቃዋል፤ ትሪው በተሠራ ቀን ድርሻውን ያልበላ ሰው ይሄዳል።

ስምንት ዓመት ከሞላኝ በኋላ ነው፣ ከትምህርት ቤት ስመጣ ገና ደረጃው ላይ ሳለሁ የቅቤና የሽንኩርት ሽታ ተቀበለኝ። ሌላ ልጅ ቢሆን ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለ ይወጣ ነበር። እኔ የደረጃውን ብረት ይዤ አንድ በአንድ ወጣሁ። ቀስ ብዬ ገባሁ፣ ቦርሳዬን ሳላወርድ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። የኩሽናው በር ገርበብ ብሏል። ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረው ነርስ ከሥራ መልስ ነጭ ጫማዋን እንዳደረገች እናቴ አጠገብ ቆማለች።

«ከአሁን ጀምሮ ምንም ነገር አትቀምሺም» አለቻት። «ውሃም ቢሆን ከንፈርሽን ለማርጠብ ያህል ብቻ።»

«ለእነሱ ልሥራላቸው ብዬ ነው እንጂ ለእኔ መች ይወርድልኛል» አለች እናቴ።

«እየነገርኩሽ ነው። ሆድሽ ባዶ ካልሆነ ጠዋት ይመልሱሻል። ይህችን ቀጠሮ ስንት ሰው ለምኜ እንዳገኘኋት አንቺም ታውቂያለሽ። ከተመለስሽ ሌላ ሦስት ወር ነው፤ ያ ነገር ደግሞ ሦስት ወር ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ አይደለም።»

እናቴ የላጠችውን ድንች ውሃ ውስጥ ጣለች።

«ልጆቹን ምን ላድርጋቸው?»

«ትልቋ ከአባቷ ጋር ትሁን፣ ደርሳለች። ትንሿ ብትሄድ ይሻላል።»

«አልነገርኳትም እኮ።»

«አትንገሪያት። ምን ያደርግላታል? ስታለቅስ ልታድር ነው።»

ይህን ሁሉ ቃል በቃል ሰምቼዋለሁ። እናቴ የሐሞት ጠጠር ነበረባት፤ ከጠጠሩ አጠገብ ደግሞ ሐኪሞቹን ያላማራቸው፣ ተከፍቶ ካልታየ ምንነቱ የማይታወቅ ነገር ነበር። በማግስቱ ጠዋት ሆዷ ሊከፈት ነው። እኔ አክስቴ ቤት እንድከርም ታስቧል። ያኔ ግን ከዚህ ሁሉ ንግግር ውስጥ ጆሮዬ የያዘው አንዱን ብቻ ነው፤ ትንሿ ብትሄድ ይሻላል።

«ሚጢ፣ መጣሽ? እጅሽን ታጠቢና ደርድሪልኝ» አለችኝ ነርሷ ከወጣች በኋላ። ቤት ውስጥ ሚጢ ነበር የምባለው፤ ድንቹን ትሪው ላይ መደርደርም የእኔ ሥራ ነበር። አንዱን ቁራጭ በሌላው ላይ ግማሽ ግማሽ እያስደገፍኩ ከጫፍ እስከ ጫፍ እሄዳለሁ። የዚያን ቀን ጣቶቼ እየተንቀጠቀጡ ረድፉ ሁሉ ተንጋደደ። እናቴ አላየችውም። ግራ እጇን ከጎድኗ በታች አድርጋ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። ጨው በተነች፤ ትንሽ ቆየችና መበተኗን ረስታ እንደገና በተነች። ሁለቴ ሲሆን አየሁ፤ ግን አፌን ለመክፈት ፈራሁ፣ አፌን ከከፈትኩ ሌላ ነገር ይወጣብኛል ብዬ።

«ለምንድን ነው ዛሬ ትሪ የምንሠራው?» አልኩ በመጨረሻ።

«አምሮኝ።»

«አንቺን?»

«አዎ፣ እኔን። ምነው፣ እኔ አያምረኝም?» ፀጉሬን ሳመችኝ። «ዛሬ ደግሞ የአያትሽም ጥግ ያንቺ ነው። ሁለቱንም ትበያለሽ።»

ከአያቴ ወዲህ ያቺ አራተኛ ጥግ የማንም አልነበረችም፤ የፈለገ ይቆርሳት ነበር። አሁን ለእኔ ተሰጠች። እናቴ ልትለየኝ ስለሆነ አንጀቷ አልችል ብሎ ነው፤ ሌላ የምትሰጠኝ ነገር አላገኘችም። እኔ የገባኝ ግን ሌላ ነው። አያቴ የሄዱበት መንገድ ለእኔ ተዘጋጅቷል። ወተቱን ጭልፋ ሙሉ አፈሰሰችባት።

ትሪው ጎኑን አዘንብሎ ገባ፣ ወንበሩም ተደገፈ። ወንበሩ እንዳይንሸራተት ብዬ ላዩ ላይ ተቀመጥኩ። የፈርኖው ሙቀት ጀርባዬን እየጠበሰኝ ከፊት ግን ይበርደኝ ነበር። ዳኛዋ ከትምህርት ቤት ገብታ አየችኝ።

«ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መስሏል» አለችኝ።

«ሰው ትሪውን ባይበላ ምን ይሆናል?»

«ይርበዋላ» አለችና አለፈች። አካሄዷ ግን የወትሮው አልነበረም፤ ክፍላችን ገብታ በሩን ዘጋች። የእናታችን ሆድ ነገ እንደሚከፈት ያኔ ማወቋን የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው።

እራት ቀረበ። ጨው ከመብዛቱ የተነሳ የመጀመሪያው ጉርሻ ምላሴን አሳከከኝ። አባቴም ቀምሶ ቀና አለ፣ እናቴን አየና «ጥሩ ነው» ብሎ ብርጭቆ ውሃ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠ። የእኔ ቁራሽ አፌ ውስጥ ይዞራል፣ ወደ ታች ግን አይወርድም። በውሃ እየገፋሁ፣ ዓይኔ እንባ እያቀረረ ሹሏን ጥግ ጨረስኩ። ከዚያ የአያቴን ጥግ ወደ ሰሀኔ ሳብኩ። ለስላሳ ነበረች፣ አኝኬ አልደከምኩባትም፤ ግን እያንዳንዱ ጉርሻ ሆዴ ውስጥ ሲወድቅ ይታወቀኝ ነበር። የመጨረሻዋን ፍርፋሪ በጣቴ ለቅሜ ስልስ አባቴ «ይህች ልጅ ዛሬ ጅብ ሆናለች» ብሎ ሊስቅ ሞከረ። ተረፍኩ አልኩ በልቤ። ከአያቴ ሞት ወዲህ እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አያውቅም።

ቀና ስል ትሪውን አየሁት። አራቱም ጥግ ተቆርሷል፣ መሃሉ እንዳለ ነው። የእናቴ ሰሀን ደረቅ፣ ሹካዋም ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

«እማዬ፣ ብዪ እንጂ» አልኳት።

«ስሠራ ስቀምስ ጠገብኩ።»

«አልቀመስሽም፤ አጠገብሽ ነበርኩ። ብትቀምሺ ጨዉን ታውቂው ነበር።»

«ሚጢ፣ እናትሽን ተያት» አለ አባቴ። ድምፁ የእሱ አልነበረም። አባቴ እኛ ላይ ጮኾ አያውቅም፤ አሁንም አልጮኸም፣ ግን እጁ ጠረጴዛው ላይ ተጨብጧል። ዳኛዋ ሰሀኗን ትኩር ብላ ታያለች። በሦስቱ መሃል እኔ የማላውቀው ነገር እንዳለ ያኔ ገባኝ። የቀረውን ደግሞ ራሴ ሞላሁት። መሄድ የነበረባት ትንሿ ነበረች። ትንሿ ሁለት ጥግ በልታ አመለጠች። የግድ አንድ ሰው መሄድ ስላለበት ነገሩ ወደ እናቴ ዞረ። እኔ ነኝ ያዞርኩባት።

ዳኛዋ ሰሀኖቹን ስታነሳ ከትሪው መሃል አንድ ቁራሽ ሰርቄ ከደብተሬ በገነጠልኩት ወረቀት ጠቀለልኩና ትራሴ ሥር ደበቅሁ። እንዴት እንደተኛሁ አላውቅም።

የቀሰቀሰኝ የሻንጣ ዚፕ ድምፅ ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ይሆናል፣ መስኮቱ ገርጥቷል። ወረቀቱን ይዤ በባዶ እግሬ ሮጥኩና የውጩን በር በጀርባዬ ደገፍኩት። እናቴ ካፖርቷን ለብሳለች። አባቴ ፂሙን ሳይላጭ ሻንጣ ይዟል፣ ዳኛዋ ደግሞ ብርድ ልብስ። ከታች መኪና ጡሩንባ ነፋ።

ወረቀቱን ገለጥኩት። ድንቹ ቀዝቅዞ ደርቋል፤ የማባዛት ልምምዴ ቀለም ላዩ ላይ ታትሞበታል።

«ብዪ» አልኳት።

«የኔ ልጅ፣ አሁን አልችልም። ስመለስ…»

«አትመለሺም። ካልበላሽ አትመለሺም። አንድ ጉንጭ ብቻ። አባዬም አንድ ጉንጭ በልቶ ነው የተረፈው።»

አባቴ ምን እንደምል አልገባውም። «እየረፈደብን ነው። ወደዚያ አድርጊያት» አላት ዳኛዋን። ዳኛዋ ክንዴን ያዘችኝ። የበሩን እጀታ በሁለት እጄ አንቄ ያዝኩ።

«ቆይ፣ ልቀቂያት» አለች እናቴ። ጎኗን ደግፋ ቀስ ብላ ፊቴ ቁጢጥ አለች። ፊቷ ቢጫ ነበር። ወረቀቱን አየች።

«አንድ ጉንጭ?»

«አንድ ጉንጭ።»

«ከዚያ በሩን ትለቂያለሽ?»

«እለቃለሁ።»

አፏን ከፈተች። እኔም አንድ ጉንጭ ብዬ የሁለት ጉንጭ የሚያህል ቁራሽ ከተትኩበት። አባቴ «አንቺ ሴትዮ፣ ምን እያደረግሽ ነው» ብሎ አንድ እርምጃ ተራመደ፤ እጇን አንስታ አቆመችው። አፏን ገጥማ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ አላመጠች። ከዚያ ጉንጯን ጭንቅላቴ ላይ አድርጋ አቀፈችኝ፣ በጣም ጠበቅ አድርጋ። በሩን ለቀቅሁ። ወጣች። ሦስቱም ወረዱ።

ደስታዬ የቆየው እናቴ የመጀመሪያውን ደረጃ ወርዳ እስክትታጠፍ ድረስ ነው። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ቻው አላለችኝም። ሱቅ ሄዳ ክብሪት ለመግዛት እንኳ ሦስት ማስጠንቀቂያ ሳትሰጥ ከቤት የማትወጣ ሴት ያለ አንድ ቃል ሄደች። ደረጃው አናት ላይ ቆሜ የእግራቸውን ድምፅ አዳመጥኩ። አሁን ትናገራለች፣ አሁን ትጠራኛለች ስል የታችኛው በር ተዘጋ።

ዳኛዋ ከግቢው ተመልሳ አክስቴ ቤት አደረሰችኝ፤ እዚያ ዘጠኝ ቀን ቆየሁ። አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቀኑን ሙሉ አፏን በመርፌ ሞልታ ትሠራለች፣ መርፌዎቹ በከንፈሯ ጠርዝ እንደተያዙም ያለ ማቋረጥ ታወራለች። ስለ ደንበኞቿ፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ እኔ ጥፍር ታወራለች። እኔም ይህን እያየሁ አሰብኩ። ሰው አፉ ሞልቶ እንኳ መናገር ይችላል። እናቴ ያልተናገረችው ስላልፈለገች ነው፤ እንደማትመለስ አውቃለች ማለት ነው። አክስቴ የልብስ ቁልፍ በየቀለሙ እንድለይ ቆርቆሮ ሙሉ ትሰጠኛለች፤ እኔ ቁልፉን አራት አራት እያደረግሁ እቆጥራለሁ፣ አንዱን አነሳለሁ፣ ፈርቼ እመልሰዋለሁ።

በአምስተኛው ቀን አባቴ መጣ። ፂሙ አድጓል። ግንባሬን ሳመኝና አክስቴን ወደ ኮሪደሩ ጠራት። በበሩ ስንጥቅ አየኋቸው። አባቴ ዝቅ ባለ ድምፅ ይናገራል። አክስቴ መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ የመርፌ መሰኪያ ትራሷ ላይ ሰካቻቸውና ዝም አለች። እሷ ዝም ስትል ያኔ ነው ያየሁት። ሮጬ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ፤ እዚያው ሱሪዬ ላይ ሸናሁ። የዚያን ቀን የእናቴ ቁስል አመርቅዞ ትኩሳቷ አልወርድ ብሎ ነበር። ለእኔ «ጉንፋን ይዟት ነው» ተባለ፣ ሱሪዬም ታጠበ፣ ማንም አልተቆጣኝም። አለመቆጣታቸው ከሁሉም በላይ አስፈራኝ።

በዘጠነኛው ቀን አባቴ ሲመጣ ፂሙን ተላጭቶ ነበር። አፉን ከመክፈቱ በፊት ዘልዬ አንገቱ ላይ ተንጠለጠልኩ።

እናቴ አልጋዋ ላይ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ከስታለች፣ ድምፅዋም ሰልሏል። ጆሮዋ ሥር ገብቼ «በልተሽዋል አይደል?» አልኳት።

«ምኑን?»

«ድንቹን።»

«ጨዉ በዝቶ ነበር» አለችኝ።

ይህ በቃኝ። ያ ሐኪሞቹን ያላማራቸው ነገር ክፉ ሆኖ አልተገኘም፤ ለእኔ ግን ያዳናት ሐኪም ሳይሆን በወረቀት ጠቅልዬ ያመጣሁላት ድንች ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በልቤ ስኮራ ኖርኩ። ሃያ ዓመት ሲሆነኝ ከዳኛዋ ጋር ስለ እናታችን ሕክምና ተጣላንና «ከአሁን በፊትም ያተረፍኳት እኔ ነኝ» የሚል ቃል አመለጠኝ። ምስጢር መጠበቅ የማይሆንላት እህቴ ለአሥራ ሁለት ዓመት የጠበቀችውን ያኔ አወጣችው።

«ምን ያተረፍሻት? ስትተፋው መሐረቡን የያዝኩት እኔ ነኝ» አለችኝ።

እናቴ አልዋጠችውም። እኔ ደረጃው አናት ላይ ቆሜ ስለማዳምጥ ሁለቱን ፎቅ አፏ እንደሞላ፣ በአፍንጫዋ እየተነፈሰች ወረደች። የታችኛው በር ከተዘጋ በኋላ በአባቴ መሐረብ ላይ ተፋችውና ግቢው ቧንቧ ላይ አፏን ሦስት ጊዜ ተጉመጠመጠች። አባቴ «እውነቱን ንገሪኝ፣ አልዋጥሽም?» እያለ ይጨቀጭቃት ነበር፣ ከንፈሩ ደርቆ። እሷ ግን መኪናው ውስጥ ገብታ ስቅስቅ ብላ እያለቀሰች የምትለው ሌላ ነበር፤ «ቻው እንኳ አላልኳትም።» ሆስፒታል ስትደርስ ለሐኪሙ ሳትደብቅ ነገረችው፤ እሱም ለጥንቃቄ ብሎ ወደ ከሰዓት በኋላ አሸጋገራት።

ሆዱ እህል ይዞ በማደንዘዣ የሚተኛ ሰው ምን ሊሆን እንደሚችል ያኔ አውቅ ነበር። ያንን ቁራሽ ብትውጠው ወይ ተመልሳ ቀጠሮዋን ታጣለች፣ ወይ ከዚያ የባሰ ይመጣል። አዳንኳት ያልኩት ልገድላት ነበር። ለብዙ ቀን እናቴን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ይህ ሁሉ ካለፈ ብዙ ዘመን ሆነው። አባቴ የሞተው ትሪው ከተሠራ ወራት ካለፉ በኋላ፣ ሾርባ በበላንበት ሳምንት ነው። ሕጌ ቢያንስ እዚያ ላይ አብሮት መቀበር ነበረበት።

እናቴ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፣ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ባለፈው ወር ጉልበቷን በቀዶ ሕክምና ሊሠሩላት ቀጠሮ ያዝን። በዋዜማው አንዲት ወጣት ነርስ ደውላ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ምንም እንዳትቀምስ አዘዘች። ስልኩን ዘግቼ ምን እንደማደርግ ሳላስበው ድንች ስልጥ ራሴን አገኘሁት። ለካ እጅ ይወርሳል። የአባቴን ትሪ ከመደርደሪያው አውርጄ ደረደርኩ፣ አንዱን ጥግ ያለ ሽንኩርት አደረግሁ። የእኔ ፈርኖ ሰፊ ነው፤ ትሪው ሳይዘነብል ገባ፣ በሩም ገጠመ። አባቴ እውነቱን ነበር።

ዳኛዋ መጣችና ተቀመጥን። እሷ ጥጓን በላች። የአባታችንን ጥግ ለሁለት ተካፈልን። ጨዉ ልክ ነበር። ሁሉን ነገር አውቃለሁ፤ ለምን እንደማትበላ፣ ነገ ማን እንደሚሠራላት፣ በስንት ሰዓት እንደሚያልቅ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ነገር ግን መሃሉ እንዳለ ቆሞ የእናቴን ደረቅ ሰሀን ሳይ ሹካዬን አስቀመጥኩ። ጣቶቼ ጠረጴዛው ላይ መንቀጥቀጥ ጀመሩ።

እናቴ አየቻቸው። ዓይኗ ደክሟል፣ ይህን ግን አየች።

«ሚጢ» አለችኝ።

«አቤት።»

«ቻው እሺ፣ የኔ ልጅ። ነገ ማታ እንገናኛለን።»

ከዚያ ማንኪያዋን ዘርግታ ከመሃሉ ቆረሰችና አፏ ውስጥ ከተተች። ከንፈሯን ገጠመች። ዳኛዋ ምንም ሳትጠየቅ መሐረቧን አውጥታ አገጯ ሥር ያዘችላት። እናቴ ግን ወዲያው አልተፋችውም፤ እኔ ሹካዬን አንስቼ እስክጎርስ ድረስ ጉንጯን ነፍታ ጠበቀችኝ።